ማክቡኬ «ታሆ የሚባለውን ሲስተም ጫን» እያለኝ ነው፤ ቡትሎደሬ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ግን የ2023 ነው። ልጫን?

የሰርግ ኤዲተር (ጠያቂ)፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018

ሰላም ጎበዞች። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። እንጀራዬ የ2015 ማክቡክ ፕሮ ናት። 13 ኢንች፣ 8 ጊጋ ራም። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በእጅ ሻንጣዋ ይዛልኝ የመጣች። አፕል ለዚህች ማሽን የፈቀደላት የመጨረሻ ሲስተም ሞንተሬይ ነው። በፈረንጆቹ 2023 ግን አንድ ሠፈራችን የነበረ ልጅ በኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር (ኦፕንኮር የሚባል ቡትሎደር አስገብቶ አፕል በተዋቸው አሮጌ ማኮች ላይ አዲስ ሲስተም የሚያስጭን ፕሮግራም) ከሞንተሬይ ቀጥሎ የወጣውን ቬንቱራን ጫነልኝ። ጎበዝ ልጅ ነበር። ያኔ ያስገባልኝ ፓቸር ቨርዥን 0.6.5 ነው። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ልጁ አሁን ዱባይ ነው፤ ስልኩ አይነሳም።

አሁን ምን ሆነ? አብሮኝ የሚሠራው ካሜራማን ኤም 1 ማክ አለው፣ የአፕል የራሱ ቺፕ ያለበት። ኤዲት የምናደርግበትን ፕሮግራም፣ ፋይናል ከቱን፣ አፕዴት አደረገ። እሱ የነካካውን ላይብረሪ (የኤዲቲንጉን ፋይል) በሃርድ ዲስክ ሲያቀብለኝ የኔው «አልከፍትም» ይላል። አዲሱን ፋይናል ከት ልጫን ስል ደግሞ ቬንቱራ አነሰህ ተባልኩ። ህዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ በፊት ሰርጉ እንዴት እንደሚጎርፍ ታውቃላችሁ። ስድስት ሰርግ እጄ ላይ አለ፣ ሁለቱ ከነመልሳቸው።

ትናንት ማታ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሶፍትዌር አፕዴትን ስከፍት «ታሆ 26» የሚል ተደቅኗል። ከጎኑ በተን። ጣቴን ትራክፓዱ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ።

አንድ ጊዜ ብጫነው ይሠራል? ወይስ መጀመሪያ ቡትሎደሩን ነው የማሳድገው? ቡትሎደሩን ስነካ አሁን ያለው ቬንቱራም አልነሳም ቢለኝስ? የሚያውቅ ሰው በእግዜር ይርዳኝ።


የሻርጃው

ወንድሜ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም? ስድስት ሰርግ ይዘህ ሲስተም ትነካለህ እንዴ! ያቺን ማሽን ሽጣትና ትንሽ ጨምረህ ያገለገለ ኤም 1 ኤር ግዛ። እዚህ ሞልቷል። እኔም እንዳንተ ስፓችና ስለጥፍ ኖሬ አንድ ቀን በቃኝ ብዬ ነው የተገላገልኩት።


የሰርግ ኤዲተር

ወንድሜ ምክርህ ጥሩ ነው። ግን ብሩ የሚመጣው ከስድስቱ ሰርግ ነው። ሰርጉ የሚያልቀው ደግሞ በዚህችው ማሽን ነው። ገባህ አይደል?


አሮጌ ብረት

ጣትህን ከዚያ በተን ላይ አንሳ።

አሁን ያለው ፓቸር 2.4.1 ነው። እሱ የሚያደርስህ ከታሆ በፊት እስከወጣው እስከ ሴኮያ ድረስ ነው። ታሆን አይደግፍም። አፕል ራሱ ታሆን የፈቀደው እንዳንተዋ የኢንቴል ቺፕ ካላቸው ለአራት ሞዴሎች ብቻ ነው፦ ለ2019ኙ ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ለ2020ው ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ባለ አራት ተንደርቦልት ቀዳዳ፣ ለ2020ው አይማክ እና ለ2019ኙ ማክ ፕሮ። ከዚያ በኋላ ለኢንቴል የሚወጣ ሲስተም የለም፤ አልቋል። ስለዚህ ታሆን እርሳው። ሴኮያ ለአንተ ሥራ ይበቃል።

«ታዲያ ማሽኔ ካልቻለች ለምን ጫን ይለኛል?» ትለኝ ይሆናል። ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ሳይጠይቅ ይጫናል፤ ከዚያ ማሽኑን ታቅፎ እኔ ሱቅ ይመጣል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማክኦኤስ ሲጫን የቦርዱን መለያ ያያል። ዝርዝሩ ላይ ከሌለህ በር ላይ ይመልስሃል። ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ነኝ ብሎ ካሰበ ግን ያን ፍተሻ ይተወዋል። ኦፕንኮር የሚጠቀመው ይህችን ቀዳዳ ነው። ሲስተሙን «ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው ያለኸው» ብሎ ይዋሸዋል። ሶፍትዌር አፕዴትም ውሸቱን አምኖ አዲስ የወጣውን ሁሉ ያቀርብልሃል። በተኑ መጣ ማለት ዘበኛው ተሸወደ ማለት ነው እንጂ ማሽንህ ትችለዋለች ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ኦፕንኮር የሚቀመጠው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለች ኢኤፍአይ በምትባል ትንሽ ክፍልፋይ ውስጥ ነው። ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ይነሳል፤ የጎደለውን ድራይቨር በሜሞሪ ውስጥ ያቀብለዋል፤ ከዚያ ዘወር ይላል። ያንተው 0.6.5 የተሠራው ቬንቱራ አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ሴኮያ የወጣው መስከረም 2024 ነው። የማያውቀውን እንግዳ እንዲያስተናግድ ብታዘው ምን ያደርጋል? ግራጫ ስክሪን ላይ ክብ ውስጥ የተሰመረ መስመር ታያለህ፤ ያ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው ዓይነት ምልክት። ስለዚህ መጀመሪያ ቡትሎደር፣ ከዚያ ሲስተም።

ፍርሃትህ ግን ቡትሎደሩን ስነካ ቬንቱራም ይጠፋብኛል የሚለው ነው። ትክክል ነህ፣ እኔም ደንበኛ ማሽን ስነካ እፈራለሁ። ለዚህ ነው አዲሱን በቀጥታ ዲስኩ ላይ የማልጭነው። ፍላሽ አምጣ። 32 ጊጋ ይሁን፣ 16ቱ አይበቃም። አዲሱን ፓቸር አውርደህ በእሱው «ክሪኤት ማክኦኤስ ኢንስቶለር» የሚለውን ገብተህ ሴኮያን ፍላሹ ላይ ጻፍ። ማውረዱ 15 ጊጋ ግድም ነው፤ ፓኬጅህን ቀድመህ ሙላ። ከዚያ «ቢልድ ኤንድ ኢንስቶል ኦፕንኮር» በለው። የት ላስቀምጠው ብሎ ሲጠይቅህ የውስጥ ዲስክህን ሳይሆን ፍላሹን ምረጥ።

ላፕቶፑን አጥፋና የኦፕሽን ቁልፍን ይዘህ አስነሳ። ኢኤፍአይ ቡት የሚል ሁለት ታያለህ። አንዱ የድሮው ነው፣ ሁለተኛው የፍላሹ። የትኛው የማን እንደሆነ ካልለየህ ፍላሹን ንቀል፤ የጠፋው የፍላሹ ነው። መልሰህ ሰካና በእሱ ግባ። ከዚያ ያለውን ቬንቱራህን ምረጥ። ሴኮያን ገና አትንካ! ቬንቱራህ በአዲሱ ቡትሎደር በደንብ ከተነሳ፣ ድምፅ ካለው፣ ትራክፓዱ ከሠራ፣ ያኔ አዲሱን ወደ ውስጥ ዲስክ ታስገባለህ። ካልተነሳ ፍላሹን ነቅለህ ታስነሳለህ። የድሮው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ምንም አልነካህም።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት በታይም ማሽን ሙሉ ባክአፕ። በሰው ሰርግ አይቀለድም።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ በደንብ ተናግረዋል። እኔ ከሜሪላንድ ነኝ። የ2012 ማክቡክ ፕሮ አለችኝ፣ ያቺ ሲዲ የምትውጠዋ። በፓቸር ሶኖማን (በቬንቱራና በሴኮያ መካከል የወጣውን ሲስተም) ጭኜ ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠሩባታል። ከደረሰብኝ አንዱን ልንገርህ፣ ሌላ ሰው እንዳይደገምበት።

አንድ ጊዜ ፋኗ እንደ ወፍጮ ጮኸብኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ኤንቪራም (ማሽኑ ቅንብሩን የሚያስታውስበት ትንሽ ሜሞሪ) ሪሴት አድርጊ ይላል፤ አራቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይዞ ማስነሳት። አደረግኩ። ማሽኗ ተነሳችና ጋሼ ያሉት የክልክል ምልክት ድቅን አለ። ሁለት ቀን ዲስኩ ተቃጥሏል ብዬ አለቀስኩ። ለካ ማክ የትኛውን ቡት መጀመሪያ እንደሚያነሳ የሚያስታውሰው እዚያው ኤንቪራም ውስጥ ነው። ሳጠፋው ኦፕንኮርን ረሳችው፤ በቀጥታ ወደ ሶኖማ ሄደች፤ ሶኖማ ደግሞ ያለ ኦፕንኮር አያውቃትም። መድኃኒቱ አሥር ሰከንድ ነው። ኦፕሽን ይዘህ አስነሳ፣ ኢኤፍአይ ቡት ላይ ቁም፣ ከዚያ ኮንትሮልን ይዘህ ኢንተር በል። ከዚያ በኋላ በቋሚነት ይይዘዋል።

ሌላው፣ ሴኮያ ከተጫነ በኋላ ዋይፋይህ ይጠፋል፤ አትደንግጥ። የኔ 2012ቷ የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ ስላላት አልተቸገርኩም። ያንተዋ ግን የላትም።


አሮጌ ብረት

እህቴ ጥሩ አስታወሽኝ፤ እሱን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ።

የ2015ቱ የዋይፋይ ካርድ ብሮድኮም ነው። አፕል ከሶኖማ ጀምሮ ድራይቨሩን አውጥቶ ጥሎታል። የግራፊክሱንማ ከቬንቱራ ጀምሮ ነው የጣለው፤ አሁን ቬንቱራህ ላይ የሚሠራልህ በፓች (ፓቸሩ መልሶ በሚለጥፍልህ ድራይቨር) ነው። ሴኮያ ሲገባ ሁለቱም ፓች የለም። ዋይፋይ የለም፤ ስክሪኑም መስኮት ስትጎትት እየተንቀጠቀጠ ነው የሚከተልህ። ያኔ ፓቸሩን ከፍተህ «ፖስት ኢንስቶል ሩት ፓች» ትለዋለህ። እሱ ደግሞ ከአፕል የሚያወርደው ነገር ስላለ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ፣ ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት። ፓቸሩ ይሄን ያውቃል፤ ኔት ከሌለ የዋይፋዩን ብቻ አስቀድሞ ይለጥፍና ሪስታርት ብለህ ተመለስ ይልሃል። እኔ ግን ሁለት ዙር አልወድም። ስልክ በኬብል ስካና ተገላገል።


የሰርግ ኤዲተር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ፤ ማሽኗ እምቢ ካለች ስልክ ላይ ቁጭ ብዬ ከማነብ። እህቴ አንቺም ተባረኪ።

አንድ ጥያቄ። ስልኬ ሳምሰንግ ነው። በኬብል ብሰካው ይሠራል?


አሮጌ ብረት

አብዛኛውን አንድሮይድ ማክ በኬብል አያውቀውም። አይፎን ፈልግ። ሆትስፖቱን አብርተህ በዩኤስቢ ስትሰካው «ትረስት» ይልሃል፤ እሺ በለው፤ ወዲያው ኔት ይይዛል። የመጀመሪያ ዙር ከሆነ የፓቹ ማውረድ አይናቅም፤ የሰው ካርድ እንዳትጨርስ ፓኬጅ ግዛለት።

ሌላ ደግሞ አሁኑኑ ልንገርህ። ሩት ፓች ሲለጠፍ አፕል ሲስተሙን ያሸገበት ማኅተም ይሰበራል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ «ትንሽ ማሻሻያ» የሚባል ለአንተ የለም። ሌላው ሰው ጥቂት ጊጋ የሚያወርድበትን አፕዴት አንተ ሙሉውን ሲስተም እንደ አዲስ ታወርዳለህ። ፓቹም እያንዳንዱ አፕዴት ላይ ይጠፋል፤ መልሰህ ትለጥፋለህ። በወር በወሩ አታድርገው። ሥራ በቀዘቀዘበት፣ ጾም ላይ፣ አንድ ጊዜ አድርገው።


የሻርጃው

ለዚህ ሁሉ ኤም 1 ይሻላል አላልኩም?


የሰርግ ኤዲተር፣ ጥቅምት 17

ጎበዞች ተመልሻለሁ። ከነማሽኔ!

ዓርብ ማታ ባክአፕ። ሁለት ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ፤ እስኪነጋ ፈጀ። ቅዳሜ ቀን ሰርግ ነበረብኝ፤ ከሰርጉ ሲመለሱ የሙሽራው ወንድም አይፎኑን አዋሰኝ። እሑድ ጠዋት እመልስልሃለሁ ብዬው ነው፤ ለምን እንደፈለግኩት ግን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ኦፕሽን ይዤ ሳስነሳ ልክ ጋሼ እንዳሉት ሁለት ኢኤፍአይ ቡት። ፍላሹን ስነቅል አንዱ ጥፍት አለ። ስሰካው መጣ። ሦስት ጊዜ ነቃቅዬ ሰካሁት፤ እርግጠኛ ለመሆን እንጂ ለጨዋታ አይደለም። በአዲሱ ገብቼ ቬንቱራን አስነሳሁ። ተነሳ። ድምፅ አለ። ፋይናል ከት ተከፈተ። አዲሱን ኦፕንኮር ወደ ውስጥ ዲስክ አስገባሁት። እስከዚህ ቅቤ ነበር።

ከዚያ ቸኮልኩ። ሴኮያን ልጭን ኦፕሽን ይዤ ሳስነሳ ቢጫ ምስል ከነስሙ «ኢንስቶል ማክኦኤስ ሴኮያ» ብሎ እዚያው ስክሪን ላይ ተቀምጧል። ደስ ብሎኝ እሱኑ ተጫንኩ። አፕሏ መጣች፤ ትንሽ ቆየችና ክቡ ከነመስመሩ! ልቤ ቀጥ አለ። ጆሮዬ ውስጥ ጭው አለ።

ወረቀቴን አየሁት። «ቡትሎደር ቀድሞ» ይላል በእጄ ጽሑፍ። ለካ ኢንስቶለሩን በቀጥታ ስመርጠው ኦፕንኮርን ዘልዬዋለሁ። ማሽኗ ያለ አስታራቂ ሴኮያን አገኘች ማለት ነው። አጠፋኋት። ኦፕሽን። መጀመሪያ ኢኤፍአይ ቡት። ኦፕንኮር የራሱን ዝርዝር አወጣ፤ ኢንስቶለሩን ከዚያ ውስጥ መረጥኩ። ገባ።

«29 ደቂቃ ይቀራል» ብሎ ጀመረ። ከአርባ ደቂቃ በኋላም 29 ይቀረዋል። 5 ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ። የማሽኗ ባትሪ ያረጀ ነው፣ ከሰዓት በላይ አይቆይም። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነጩን መስመር ሳይ፣ ያለ ማጋነን፣ ጸሎት አደረስኩ። መብራቱ በሃያ ደቂቃው መጣ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሴኮያ ተነሳ። ዋይፋይ የለም። መስኮት ስጎትት ጥላው ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል፤ የድሮ ቴሌቪዥን ይመስላል። የሙሽራውን ወንድም ስልክ ሰካሁ፣ ትረስት ሲለኝ እሺ አልኩት፤ እንደ እድል ፓስወርዱን ቀድሜ ጠይቄው ነበር። ሩት ፓች። የማሽኗን ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ ብዙ ጽሑፍ ወደ ላይ ነጎደ፣ ሪስታርት በል አለኝ። ስትመለስ ስክሪኑ ቁልጭ ብሏል፤ ከላይ የዋይፋዩ ምልክት። የቤታችንን ስም ሳየው እንደ ዘመድ ነው የናፈቀኝ።

ፋይናል ከት ተጫነ። የካሜራማኑ ላይብረሪ ተከፈተ። ማግኔቲክ ማስክ የሚባለው አዲሱ ነገር እኔ ጋ የለም፤ እሱ አፕል ሲሊከን፣ ማለትም እንደ ኤም 1 ያለ የአፕል ቺፕ፣ ይፈልጋል። ድሮም ያለ እሱ ነው የኖርኩት፣ አይጎዳኝም። 8 ጊጋ ራም ላይ ሴኮያ ከቬንቱራ ትንሽ ይከብዳል፤ ክሮም ከፍቼ ኤዲት አላደርግም። ይኸው አሁን የቅዳሜዋን ሙሽራ ኤክስፖርት እያደረግኩ ነው የምጽፍላችሁ።


ሲልቨር ስፕሪንግ

እልልልል! ኢንስቶለሩን በቀጥታ መጫን እኔንም ሸውዶኛል። ሁሉም አንድ ጊዜ ያደርገዋል መሰለኝ።


አሮጌ ብረት

ጎበዝ። ፍላሹን የት አደረግከው?


የሰርግ ኤዲተር

ጋሼ፣ የሰርግ ካርዶች የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ። በፕላስተር ለጥፌ «አይነካም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ባለቤቴ ግን ዘፈን ልትጭንበት ትናንት ጠይቃኛለች።


አሮጌ ብረት

ሌላ ፍላሽ ግዛላት። አውቶማቲክ አፕዴቱንስ አጠፋኸው?


የሰርግ ኤዲተር

ማውረዱንም መጫኑንም አጠፋሁ። ሴቲንግ ላይ ግን ቀይ ቁጥር 1 ለጥፎ አሁንም «ታሆ» እያለኝ ነው።


አሮጌ ብረት

ይበል።